በካርቦን ፍሬም ውስጥ የላላ የአሉሚኒየም ቀለበት፦ ሙጫ ከመጨመር በፊት መታወቅ ያለበት

የላኩልኝን ጥያቄ ሌሎችም እንዲከታተሉት ባጭሩ ልድገመው። የሚኖሩት ሚኒሶታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ያገለገለ የካርቦን ብስክሌት ገዝተው በበረዶው ወራት ጭምር ወደ ሥራ ይመላለሱበታል። ቀኝ ፔዳሉን በኃይል በረገጡ ቁጥር ከታች ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ይሰማዎት ጀመር፤ የሚነፋ ዘይት ቢያደርጉበት ለጥቂት ጊዜ ጠፍቶ ተመለሰ። ጥገና ቤት ሲያስፈትሹት የፔዳሎቹ አክስል የሚዞርበት የአሉሚኒየም ቀለበት ከካርቦኑ እንደተላቀቀና ኩሽኔታውን ለመፍታት ሲሞክሩ ቀለበቱ ራሱ አብሮ እንደሚዞር ነገሩዎት። ከውሃ ጠርሙስ መያዣው ሁለት ቡሎኖች አንዱም እንዲሁ ከነጥርሱ ይሽከረከራል። አንድ ወዳጅዎ ፍሬሙን በቀጭን መሰርሰሪያ በስቶ ኢፖክሲ በመርፌ ማስገባት እንደሚበቃ ስለነገሩዎት፣ ይህ ያዋጣ እንደሆነ፣ ከተጠገነም በኋላ አዲስ አበባ ላለው የእህትዎ ልጅ ቢልኩለት ያለ ስጋት ሊነዳው ይችል እንደሆነ ይጠይቃሉ።

መልሴን ላስቀድም። የገለጹት ዓይነት ጉዳት፣ በዙሪያው ያለው ካርቦን ካልተሰነጠቀ፣ በሚገባ ሊጠገን ይችላል። በመርፌ ሙጫ ማስገባት ግን ድምፁን ለተወሰነ ጊዜ ከማጥፋት በቀር የሚሰጠው ነገር የለም፤ ይባስ ብሎ ቀጥሎ የሚመጣውን እውነተኛ ጥገና አስቸጋሪ ያደርገዋል። ቀለበቱ የላላው ሙጫ አንሶት ሳይሆን ሙጫው የያዘው የአሉሚኒየም ገጽ ስለተበላ ነው። ስለዚህ ቀለበቱ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ፣ ገጹ እንደ አዲስ ሳይዘጋጅ፣ በብረቱና በካርቦኑ መካከልም የሚለያይ ነገር ሳይገባ የሚደረግ ማንኛውም ነገር ለጊዜው ማቆያ እንጂ ጥገና ሊባል አይገባውም።

ምክንያቱን ለመረዳት እነዚህ ፍሬሞች እንዴት እንደተሠሩ ማወቅ ይጠቅማል። ካርቦን ፋይበር በሚሳብበት አቅጣጫ እጅግ ጠንካራ ቢሆንም የቡሎን ጥርስ ሊወጣለት፣ ኩሽኔታ በቀጥታ ሊጠበቅበት፣ ወይም የጎማ አክስል ሊታሰርበት አይመችም። በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ ብረት ያስፈልጋል፤ ብረቱም ከካርቦኑ ጋር የሚያያዘው በማጣበቂያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ብስክሌተኛው ግሬግ ለሞንድ የቱር ደ ፍራንስን ድል የተቀዳጀበት፣ ሉክ የተባለው ኩባንያ ፍሬም የካርቦን ቱቦዎችን በአሉሚኒየም መጋጠሚያዎች ላይ በማጣበቅ የተሠራ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ጃያንት የተባለው ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው ካዴክስ የተባለ ብስክሌትም በዚሁ መንገድ ተሠርቷል። በኋላ ፍሬሙ በሙሉ ከካርቦን መሠራት ሲጀምር መጋጠሚያዎቹ ቢጠፉም የአክስሉ ቀለበት፣ የኋላ ጎማ መያዣዎቹ፣ የመሪው ኩሽኔታ መቀመጫዎችና የጠርሙስ መያዣ ጥርሶች ከአሉሚኒየም እየተሠሩ መጣበቃቸው ለብዙ ዓመታት ቀጥሏል። የእርስዎ ብስክሌት የዚህ ዘመን ሥራ ነው።

ማጣበቂያው ደካማ እንዳልሆነ ቀላል ስሌት ያሳያል። በተለመደው የእንግሊዝ ልክ የተሠራ ቀለበት ርዝመቱ 68 ሚሊ ሜትር፣ የውጭ ስፋቱ ደግሞ በአማካይ 40 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው እንበል። ከካርቦኑ ጋር የሚነካካው ገጽ ወደ 85 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚውል ጥሩ ባለሁለት ክፍል ኢፖክሲ በሚገባ በተዘጋጀ አሉሚኒየም ላይ በተለመደው የክፍል ሙቀት እስከ 30 ሜጋ ፓስካል የሚደርስ የመንሸራተት ኃይል ይቋቋማል። እኛ ግን በጣም ተጠንቅቀን አንድ ሜጋ ፓስካል ብቻ ብንወስድ እንኳ ቀለበቱን ለማዞር 170 ኒውተን ሜትር ያህል ኃይል ያስፈልጋል፤ ኩሽኔታው የሚጠብቀው ግን ከ35 እስከ 50 ኒውተን ሜትር ባለ ኃይል ነው። እንግዲህ ሙጫው ከአቅሙ አንድ ሠላሳኛውን ብቻ ቢሰጥ እንኳ ቀለበቱ ንቅንቅ ማለት አልነበረበትም። በእጅ ቁልፍ መዞሩ የሚነግረን የሙጫው ኃይል ቀስ በቀስ እንዳልቀነሰ፣ ይልቁንም የሚይዘው ገጽ ከሥሩ እንደጠፋበት ነው።

ገጹን የሚያጠፋው በካርቦንና በአሉሚኒየም መካከል ያለው ኤሌክትሪካዊ ግንኙነት ነው። ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ በጨዋማ ውሃ ውስጥ ከአሉሚኒየም ጋር ሲነካካ በሁለቱ መካከል ወደ አንድ ቮልት የሚጠጋ ልዩነት ይፈጠራል፤ ሁልጊዜም የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ሁለቱ ቁሶች መነካካት አለባቸው፣ እርጥበት መኖር አለበት፣ በእርጥበቱም ውስጥ ጨው መኖር አለበት። በሚኒሶታ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ሦስተኛውን በብዛት ያሟላል። የአክስሉ ቀለበት ደግሞ የፍሬሙ ዝቅተኛው ቦታ ስለሆነ በኮርቻው ቱቦ በኩል የገባ ውሃ ሁሉ ተንቆርቁሮ የሚቆመው እዚያው ነው። ቤት ውስጥ በቆመ ብስክሌት ላይ የሚሠለጥኑ ሰዎችም ከዚህ ነፃ አይደሉም፤ ላብ ጨው ነውና የመሪውን ኩሽኔታ መቀመጫና የጠርሙስ መያዣውን ጥርስ በተመሳሳይ መንገድ ይበላቸዋል።

ከዚህ የሚወጣው ነጭ ዱቄት የአሉሚኒየም ኦክሳይድና ሃይድሮክሳይድ ሲሆን ከጠፋው ብረት በእጅጉ የሚበልጥ ቦታ ይይዛል። ዱቄቱ በጠባቡ ክፍተት ውስጥ ሲያብጥ ማጣበቂያውን ከብረቱ እየገነጠለ ይሄዳል፤ በተገነጠለው ቦታ ተጨማሪ ውሃ ይገባል፤ ነገሩ ራሱን እየመገበ ይቀጥላል። የላላ ቀለበት ወጥቶ ሲታይ ሙጫው አብዛኛውን ጊዜ ካርቦኑ ላይ እንዳለ፣ የብረቱ ቅርጽም ሳይቀር እንደታተመበት ሆኖ ይገኛል። ይህን ያየ ሰው ማን እንደለቀቀ አይጠፋውም።

ይህ የብስክሌት ሠሪዎች ብቻ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 1988 ከሂሎ ወደ ሆኖሉሉ ይበር የነበረው የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን የፊት ጣሪያው በአየር ላይ ተገንጥሎ አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ሕይወቷ አልፏል። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ባደረገው ምርመራ የቆርቆሮዎቹ መደራረቢያ ማጣበቂያ መልቀቁ፣ እርጥበት ገብቶ ዝገት መፍጠሩ፣ ጭነቱም ወደ ሚስማሮቹ ቀዳዳዎች ዞሮ ስንጥቅ ማብዛቱ ተረጋግጧል። አውሮፕላኑ ከአሉሚኒየም የተሠራ ስለነበር ካርቦን የለበትም፤ ነገር ግን የማጣበቂያ ዕድሜ የሚወሰነው ከሙጫው ጥንካሬ ይልቅ ከመጣበቁ በፊት በገጹ ላይ በተሠራው ሥራ መሆኑን ይህን ያህል በግልጽ ያሳየ አጋጣሚ አላውቅም።

አሁን የወዳጅዎን ምክር እንመልከተው። በመርፌ የሚገባው ኢፖክሲ የሚያገኘው ነጭ ዱቄት፣ የቆየ ሙጫ፣ ጭቃና እርስዎ የነፉበትን ዘይት ነው። አቧራማ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አቧራውን ይዞ እንደሚወድቅ ሁሉ ይህም ሙጫ ዱቄቱን አጥብቆ ይይዝና ከዱቄቱ ጋር ይለቃል። በተጨማሪም ወፍራም ፈሳሽ በአንድ ቀዳዳ ገብቶ ከአንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ባልበለጠ ክፍተት ውስጥ ዙሪያውን ይዳረሳል ብሎ መጠበቅ አይቻልም፤ መንገድ ባገኘበት ይፈስሳል፣ የቀረው ባዶ ይቀራል። ቀዳዳውም የተቆረጠ የካርቦን ቃጫ ማለት ነው፤ የሚቆረጠውም ጭነት በሚበዛበት ቦታ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ድምፁ ሲመለስ ቀለበቱ በከፊል ተይዞ፣ በከፊል ላልቶ ስለሚገኝ ያለ ጉዳት ማውጣቱ ከቀድሞው ይከብዳል። በእጅ የሚዞር ቀለበት ለጠጋኝ መልካም ዕድል ነው፤ ይህን ዕድል ባያበላሹት ይሻላል።

ዘይቱን በሚመለከት አንድ ነገር ላክል። ድምፁ በዘይት መጥፋቱ ሁለት ገጾች እርስ በርስ እየተፋተጉ እንደነበር የሚያረጋግጥ ምልክት ስለሆነ ለምርመራው ረድቷል። ነገር ግን ዘይት፣ በተለይም ሲሊኮን ያለበት፣ ለማጣበቂያ ከሁሉ የከፋ ጠላት ነው። ከእንግዲህ ምንም ነገር አይንፉበት።

ወደ ሥራው ከመገባቱ በፊት ጥፋቱ በእርግጥ እዚያ መሆኑን ማረጋገጥ ግዴታ ነው፤ ከሥር የሚመጣ የሚመስል ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከፔዳሉ ጥርስ፣ ከጥርሳማው ሰሌዳ ቡሎኖች፣ ከኮርቻው ዘንግ ወይም ከኋላው ጎማ ማሰሪያ ነው። እርስዎ ዘንድ ቀለበቱ ሲዞር በዓይን ስለታየ ጥርጣሬው አነስተኛ ነው። የመዞር ምልክት ለማይታይባቸው አንባቢዎች ግን የምመክረው ፈተና ቀላል ነው፦ በብረቱና በካርቦኑ መገናኛ ላይ በቀጭን ብዕር ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ፣ ጠርዙንም በጥቂት የአይሶፕሮፒል አልኮል አርጥቡት፤ ከዚያ ሌላ ሰው ፍሬኑን ይዞ ፔዳሉን ወደ ታች ሲጫን ተመልከቱ። መስመሩ ከተሰበረ ወይም ፈሳሹ ሲመጠጥና ሲወጣ ትናንሽ አረፋዎች ከታዩ መገናኛው ተከፍቷል።

ቀጥሎ የሚፈተሸው ካርቦኑ ነው፤ የጥገናው ዕጣ የሚወሰነውም እዚህ ላይ ነው። ወደ ኋላ ጎማ የሚሄዱት ሁለት ቱቦዎች ከቀለበቱ ቤት የሚነሡበትን ቦታ በጠንካራ ብርሃን በጥንቃቄ ይመልከቱ፤ በሳንቲም እየነኩም ያዳምጡ። ጤነኛ ካርቦን ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ሽፋኖቹ እርስ በርስ የተለያዩበት ቦታ የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። የቀለም መሰንጠቅ ብቻውን ብዙም አያስፈራም፤ ቃጫው ከተሰነጠቀ ግን ጉዳዩ የቀለበት ጥገና መሆኑ ይቀርና የፍሬም ጥገና ይሆናል፣ ሙያውም ዋጋውም ሌላ ነው። ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ላገለገለ ፍሬም ያን ሁሉ ማውጣት የሚያዋጣ አይመስለኝም።

ካርቦኑ ጤነኛ ከሆነ ቀለበቱ ይወጣል። በእንግሊዝ ልክ የቀኙ ኩሽኔታ ጥርስ ግራ ዞር ስለሆነ የሚፈታው እንደ ሰዓት አቅጣጫ በማዞር ነው፤ በጣሊያን ልክ ግን ሁለቱም ቀኝ ዞር ናቸው፤ ይህን ሳያጣሩ ኃይል መጨመር ከባድ ጥፋት ያስከትላል። ኩሽኔታው ከቀለበቱ ጋር ስለሚዞር አልፈታ ካለ አያስገድዱት፤ አንድ ላይ ይውጡ። ረጅም ባለጥርስ ዘንግ በቀለበቱ ውስጥ አሳልፎ፣ በአንዱ ወገን ቀለበቱን ብቻ የሚገፋ፣ በሌላው ወገን ደግሞ በካርቦኑ ጠርዝ ላይ የሚያርፍ ሰፊ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ድጋፍ አድርጎ ቀስ በቀስ ማጥበቅ ነው። በመዶሻ መምታት ፈጽሞ አይፈቀድም፤ ካርቦን ድንገተኛ ምትን አይወድም።

አልወጣ ሲል ብዙዎች የሚሮጡት ወደ እሳት ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። አሉሚኒየም ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በእያንዳንዱ ሜትር ወደ 23 ማይክሮን ያህል ይለጠጣል፤ ካርቦን በቃጫው አቅጣጫ ከሞላ ጎደል አይለጠጥም። ስለዚህ 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀለበት ከ20 ወደ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ከ0.05 ሚሊ ሜትር በላይ አብጦ ካርቦኑን ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ሙቀት ሙጫውን ያለሰልሳል፤ በዚያው መጠን ቀለበቱን ያጠብቃል። ቅዝቃዜ ግን ሁለቱንም ወደሚጠቅመን ወገን ይወስዳል፦ ደረቅ በረዶ (የቀዘቀዘ ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ከዜሮ በታች ወደ 78 ዲግሪ ሲያወርደው ቀለበቱ ወደ 0.09 ሚሊ ሜትር ይኮማተራል፣ የቆየውም ሙጫ ይሰባበራል። ስለዚህ በከፊል ለተያዘ ቀለበት እኔ የማስቀድመው ደረቅ በረዶን ነው፤ ወፍራም ጓንትና አየር የሚዘዋወርበት ክፍል ግን የግድ ያስፈልጉታል። ሙቀት ከተጠቀሙ ከውስጥ በብረቱ በኩል ይሁን፣ የካርቦኑም የውጭ ገጽ ከ80 ዲግሪ አይለፍ። የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ሳይነካ ከርቀት በሚለካ የሙቀት መለኪያ ሲለካ ከእውነተኛው እጅግ ያነሰ ቁጥር እንደሚያሳይ አይርሱ፤ ጥቁር የኤሌክትሪክ ቴፕ ለጥፎ በቴፑ ላይ መለካት ነው መፍትሔው። የሚነድ ነበልባል ለዚህ ሥራ አይታሰብም።

ይህም ካልሠራ ቀለበቱ መሥዋዕት ይሆናል። ከውስጥ በኩል በብረት መጋዝ ምላጭ ቁመቱን ተከትሎ ይሰነጠቅና፣ ምላጩ ካርቦኑን ከመንካቱ በፊት ስስ የብረት ሽፋን ሲቀር ወደ ውስጥ እየታጠፈ ይወጣል። ትዕግሥት የሚፈልግ ሥራ ነው። አዲሱን ቀለበት ጥሩ ቶርኖ ቤት 6061 ከተባለው የአሉሚኒየም ቅይጥ ሊያወጣው ይችላል፤ ካወጣው በኋላ አኖዳይዝ መደረጉ፣ ማለትም ገጹ በኤሌክትሪክ አማካኝነት በጠንካራ የኦክሳይድ ሽፋን መሸፈኑ፣ ይጠቅማል። ገንዘቡ ካለ ቲታኒየም ከካርቦን ጋር ተስማምቶ ስለሚኖር ከሁሉ ይሻላል። አሮጌው ቀለበት በደህና ከወጣ፣ ጥርሱም ጤነኛ ከሆነ፣ ገጹ ላይ ያሉት ጉድጓዶች ጥልቅ እስካልሆኑ ድረስ እሱኑ መልሶ መጠቀም ይቻላል።

ከዚህ በኋላ ያለው የገጽ ዝግጅት የጥገናው ልብ ነው፤ ከጠቅላላው ሥራ አብዛኛው ጊዜም እዚህ ላይ ቢውል ተገቢ ነው። በካርቦኑ በኩል የቆየው ሙጫና የአሉሚኒየም ዱቄት መጀመሪያ በአሴቶን ወይም በአይሶፕሮፒል አልኮል በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ከዘይቱ ይጸዳል፤ ይህ ከመፋቁ በፊት መሆን አለበት፣ አለዚያ የብርጭቆ ወረቀቱ ዘይቱን ወደ ገጹ ውስጥ ያሸዋል። ከዚያ በ180 ወይም በ240 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውሃ እየተረጨ፣ ብልጭታው ጠፍቶ ወጥ የሆነ ደብዛዛ ገጽ እስኪታይ ብቻ ይፋቃል፤ ቃጫው እስኪገለጥ መሄድ አያስፈልግም። ውሃው የሚያስፈልገው የካርቦን ብናኝ ወደ ሳንባ መግባት ስለሌለበት ነው፤ የአፍንጫ መሸፈኛውም ከዚህ በተጨማሪ እንጂ በምትኩ አይደለም። ካርቦኑ ለዓመታት እርጥበት ሲጠጣ ስለኖረ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ባለ ለስላሳ ሙቀት ለብዙ ሰዓታት መድረቅ ይኖርበታል። ብዙዎች ይህን ይዘሉታል፤ በእኔ ሚዛን ግን በጨውና በበረዶ ውስጥ ለተነዳ ፍሬም የማይታለፍ ነው።

በአሉሚኒየሙ በኩል ጊዜ ጠላት ነው። የተፋቀ አሉሚኒየም ወዲያውኑ አዲስ ኦክሳይድ ማውጣት ይጀምራል፤ በቆየ ቁጥር ሽፋኑ ለሙጫ የማይመች ይሆናል። ስለዚህ ዘይቱ ከተጸዳ በኋላ በንጹሕ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ አሸዋ መነፋት ወይም በአዲስ የብርጭቆ ወረቀት መፋቅ፣ ከዚያም በአንድ ሰዓት ውስጥ መጣበቅ አለበት። ዝግጅቱ የተሳካ መሆኑን ንጹሕ ውሃ ይመሰክራል፦ ውሃው በገጹ ላይ እንደ ወጥ ሽፋን ከተዘረጋ ንጹሕ ነው፤ ወደ ጠብታ ከተሰበሰበ ቅባት ቀርቷልና ሥራው ከመጀመሪያው ይደገማል። ውሃው ከደረቀ በኋላ ለአሉሚኒየም የተዘጋጀ፣ ሙጫውን ከብረቱ ጋር የሚያስተሳስር የሲላን መሠረት ቅብ ቢቀባ፣ ለእርጥበት ያለው ጽናት በብዙ ይጨምራል። አኖዳይዝ የተደረገው አዲስ ቀለበት ግን አይነፋም፣ አይፋቅምም፤ የሚጠብቀው ሽፋን አብሮ ይነሣልና፣ ከአኖዳይዙ በኋላ በንጹሕ ጓንት ብቻ ተይዞ በሟሟያ ተጠርጎ ሳይቆይ ይጣበቃል። ማንኛውንም የተዘጋጀ ገጽ በባዶ ጣት መንካት ሥራውን ሁሉ ያበላሸዋል።

መልሶ በሚጣበቅበት ጊዜ ሁለቱ ቁሶች ዳግመኛ እንዳይነካኩ ቀለበቱ በስስ የፋይበር ግላስ ጨርቅ ይጠቀለላል፤ በካሬ ሜትር 50 ግራም አካባቢ የሚመዝነው ይበቃል። ብርጭቆ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ዑደቱን ይቆርጠዋል፤ በተጨማሪም ቀለበቱን በመሃል ይይዘውና ሙጫው ዙሪያውን እኩል ውፍረት እንዲኖረው ያደርጋል። ተስማሚው የሙጫ ውፍረት ከ0.1 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚህ ቢያንስ ሙጫው ተጨምቆ ይወጣና ደረቅ ቦታ ይቀራል፤ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ቢበልጥ ደግሞ መጀመሪያ ክፍተቱን በተጨማሪ የፋይበር ግላስ ሽፋኖች ማጥበብ ይገባል እንጂ በሙጫ ብቻ መሙላት አይገባም። ስለዚህ ከመጣበቁ በፊት ሁለቱንም በካሊፐር መለካት፣ ቀለበቱንም ያለ ሙጫ በደረቁ አስገብቶ መሞከር የግድ ነው።

ስለ ሙጫው ምርጫ ብዙ አልልም። በየሱቁ የሚሸጠው በአምስት ደቂቃ የሚደርቅ ኢፖክሲ ለውሃም ለሙቀትም ደካማ ስለሆነ አይሆንም። ለብረትና ለካርቦን ግንባታ የተዘጋጀ፣ የጎማ ቅንጣት ተጨምሮበት እንዳይሰባበር የተደረገ ባለሁለት ክፍል ኢፖክሲ ይፈለጋል፤ ፍሬም ሠሪዎች በብዛት የሚጠቀሙበት የስሪኤም ስኮች ዌልድ ዲፒ 420 ከዚህ ወገን ነው። ሁለት ለአንድ ይደባለቃል፣ ከተደባለቀም በኋላ ሃያ ደቂቃ ያህል ብቻ ይሠራበታል። ሁለቱም ገጾች ይቀባሉ፤ ቀለበቱ እየተዞረ ይገባል፤ ዙሪያውን ወጥ የሆነ ትርፍ ሙጫ ከጠርዙ መውጣቱ ውስጡ መሙላቱን ያሳያል። የኢፖክሲ አለርጂ አንዴ ከያዘ ዕድሜ ልክ የሚቆይ ስለሆነ የናይትራይል ጓንት ሳያደርጉ አይንኩት።

ሙጫው ከመያዙ በፊት ያሉት ደቂቃዎች ለቀለበቱ አቀማመጥ ይውላሉ። የቀኝና የግራ ወገኖቹ እንዳይለዋወጡ፣ ጠርዞቹ ከኮርቻው ቱቦ መሃል እኩል እንዲርቁ፣ የኋላው ጎማ በቦታው ሆኖ ሲታይም የቀለበቱ ቁመት ከጎማው ጎን ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን እንዲሠራ መለካት ያስፈልጋል። አንድ ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ ካቴናው በየማርሹ ላይ ያሳውቅዎታል፤ ከደረቀ በኋላ ደግሞ ማስተካከያ የለውም። ከዚያ በሞቀ ክፍል ውስጥ ሳይነካ ይቆያል። የሚኒሶታ ጋራዥ በጥር ወር ለዚህ አይሆንም፤ ኢፖክሲ በብርድ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ አይበስልም። አንድ ሙሉ ቀን በክፍል ሙቀት ከቆየ በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል በ60 ዲግሪ ማሞቅ ሙቀት የመቋቋም አቅሙን ከፍ ያደርገዋል፤ ኩሽኔታው በሙሉ ኃይል የሚጠብቀው ግን ከሳምንት በኋላ ቢሆን እመርጣለሁ።

የጠርሙስ መያዣው ቡሎን ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። ከነጥርሱ የሚሽከረከረው የአሉሚኒየም እጅጌ ከውጭ ያለው ከንፈሩ በጠፍጣፋ ጉጠት ይያዝና ቡሎኑ ይፈታል፤ እምቢ ካለ የቡሎኑ ራስ በመሰርሰሪያ ይነሣል፣ የቀረውም ወደ ቱቦው ውስጥ ወድቆ በኮርቻው በኩል እንዲወጣ ይደረጋል። ቀዳዳው ሳይሰፋ ተጸድቶ አዲስ ባለ 5 ሚሊ ሜትር ጥርስ እጅጌ በኢፖክሲ ተቀብቶ ይገባል። እጅጌውን በቦታው የሚያስይዘው መሣሪያ በኃይል ቢጨመቅ ካርቦኑን ይሰነጥቀዋልና እጅጌው እስኪቆም ብቻ ይጨመቅ፤ የሚይዘው ሙጫው ነው። ከደረቀ በኋላ ቡሎኑን ከሦስት ኒውተን ሜትር በላይ አያጥብቁት።

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው በማናቸውም የላላ ብረት ላይ እንዳይሞክረው አንድ ድንበር ማስመር አለብኝ። የፊት ሹካው፣ ማለትም ከመሪው ጋር የሚያያዘው ግንዱ፣ የሹካው ትከሻና የፊት ጎማው አክስል የሚታሰርባቸው ጫፎች፣ ማጣበቂያቸው ከላላ በቤት ውስጥ አይጠገኑም። የአክስሉ ቀለበት ሲለቅ ይጮሃል፣ ይነቃነቃል፣ ጊዜም ይሰጣል፤ ሹካ ሲለቅ ግን ነጂው የሚያውቀው ከወደቀ በኋላ ነው። የላላ ሹካ ተቆርጦ ይጣላል፤ ሌላ ሰው እንዳያነሣውም ሁለት ቦታ ይቆረጥ።

ስለ እህትዎ ልጅ የጠየቁት ያስደሰተኝ፣ እርስዎ የማያዩትን ነጂ ደኅንነት አስቀድመው ስላሰቡ ነው። ጥገናው ከላይ በተገለጸው መንገድ ከተሠራ ቀለበቱ ለስጋት አይዳርገውም። ነገር ግን ጥገናው እንዳለቀ ወዲያው አይላኩት። ከክረምቱ ጨው በፊት ባሉት ወራት፣ ዳገት እየመረጡ፣ ቢያንስ ለሦስት ወር እርስዎ ራስዎ ይንዱት፤ በብረቱና በካርቦኑ መገናኛ ላይ ያሰመሩትንም መስመር በየሳምንቱ ይዩት። መስመሩ ሳይሰበር፣ ድምፁም ሳይመለስ ከቆየ ይላኩለት፤ ከመላክዎ በፊት ግን ያንኑ ሹካ አስፈትሹ፣ ዕድሜው ከፍሬሙ ጋር እኩል ነውና። ለልጁም ሁለት ነገር ይጻፉለት፦ በዝናብ ወራት ከነዳ በኋላ የኮርቻውን ዘንግ አውጥቶ ብስክሌቱን ገልብጦ ውሃውን ያፍስስ፤ ፀሐይ ላይ በቆመ የተዘጋ መኪና ውስጥም ለሰዓታት አይተወው፣ እዚያ ውስጥ ያለው ሙቀት ሙጫው ሊለሰልስበት ወደሚችልበት ደረጃ ይቀርባልና።

ሥራውን ለሌላ ባለሙያ ከሰጡ፣ ቀለበቱን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ እንደሚሠራው፣ አሉሚኒየሙን በምን እንደሚያዘጋጅና በመካከል ፋይበር ግላስ እንደሚያስገባ አስቀድመው ይጠይቁት። ከሦስቱ በአንዱ እንኳ ግልጽ መልስ ካላገኙ ፍሬምዎን ይዘው ይመለሱ።